ያልቀመስኩት ባቫርዋ

ስሙ ባቫርዋ ነው። ጄሎ አይደለም። ይህን ገና ከመጀመሪያው የምናገረው እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ትሮይቪል ሰፈር ውስጥ ያለ የአገሬ ሰው ሁሉ፣ የገዛ እህቴን ጨምሮ፣ ለዓመታት «ያ ጄሎሽ» እያለ ስላቃጠለኝ ነው። ጄሎ ከካርቶን የሚወጣ ዱቄት በፍል ውኃ በጥብጠው ለልጅ ልደት የሚያቀርቡት ነገር ነው። ባቫርዋ ግን ወተት አለው፣ የእንቁላል አስኳል አለው፣ ስኳር አለው። ሦስቱ በቀስታ እሳት ላይ አብረው ይማሰላሉ፤ ለአፍታ ዘወር ካሉ እንቁላሉ ይቋጠርና ፍርፍር ይሆናል። ከዚያ የሚያረጋው ጀላቲን ይገባበታል፣ በረድ ሲል የተመታ ክሬም ቀስ ተብሎ ይቀላቀልበታል፣ ፎርማ ውስጥ ይፈስሳል፣ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። በማግስቱ ፎርማውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከር አድርገው ሳህን ላይ ሲገለብጡት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ሳህኑን ነካ ሲያደርጉት ደግሞ መንቀጥቀጥ አለበት። ካልተንቀጠቀጠ ጀላቲኑ በዝቶበታል፤ ከተናደ አንሶታል። ይህን ሁሉ ላብ «ጄሎ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ስሙ ራሱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ምግቡ የፈረንሳዮች ነው፤ ስሙ ግን ጀርመን አገር ካለችው ከባቫሪያ የመጣ ነው። ለምን እንደሆነ ሼፉን ጠየቅኩት። ሼፉ የምሠራበት ምግብ ቤት ባለቤትም ዋና አብሳይም ነው፤ በወጣትነቱ ፈረንሳይ ሄዶ ሙያ የተማረ ነጭ ደቡብ አፍሪካዊ። «ባቫሪያ መኳንንት ቤት ይሠራ የነበረ የፈረንሳይ አብሳይ ነው ያመጣው የሚሉ አሉ፤ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ግን የለም» አለኝና ወዲያው አጠራሬን ማረም ጀመረ። መጨረሻው ላይ ምንም አይጨመርም፣ ከንፈርሽን ሰብሰብ አድርጊ፣ እንደገና በይው፣ አሁንም እንደገና። ሳህን የምታጥበዋ ሴት ሳትቀር ሥራዋን አቁማ እስክታየኝ ድረስ አስደገመኝ።

እኔን ግን የሚጠራኝ «ማማ» እያለ ነው። እዚህ አገር ማማ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ አክብሮት ነው፤ አውቃለሁ። ግን እኮ በዕድሜ እሱ ይበልጠኛል! የአንድ ክሬም ስም ከንፈር ሳይሰበሰብ ከተጠራ ምሳው የማይዋጥለት ሰው፣ የእኔን ስም ለመያዝ ስንት ዓመት አልበቃውም።

ወደዚያ ምግብ ቤት የገባሁት ሳህን ለማጠብ ነበር። ከዚያ በፊት ጀርሚስተን ውስጥ ዘመድ ሱቅ ተቀምጬ ብርድ ልብስና መጋረጃ እሸጥ ነበር። ሱቅ ጠባቂነት አልሆነልኝም። ሙሉ ቀን ቆሜ፣ ሌባ እየጠበቅኩ፣ ሰው ብርድ ልብሱን ዳብሶ ዳብሶ ሲሄድ እያየሁ ጨጓራዬ ተላጠ። ዘመዶቼ «የራስሽን ሱቅ ትከፍቻለሽ፣ ትንሽ ታገሺ» ሲሉኝ ጥዬ ወጣሁና የሰው ሳህን ልታጥብ ሄደች ተባልኩ። ከሳህን ወደ ሊጥ፣ ከሊጥ ወደ ጣፋጭ ክፍል አለፍኩ። የጣፋጭ ክፍሉ ኃላፊ ረዳት ሆኜ ስንት ክረምትና በጋ አሳለፍኩ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ጠረጴዛ የእኔ እንዲሆን። ምን እንደሚሠራ የምወስነው፣ ምን እንደሚጣል የምናገረው እኔ እንድሆን። ጀርሚስተን ያሉት ዘመዶቼም «የሰው ሳህን» ያሉትን እንዲውጡት።

አጋጣሚው መጣ። ኃላፊው ሁዳዴ ሊገባ ሲል ሥራውን ለቆ ሄደ። ሼፉ ደግሞ ሁለተኛ ምግብ ቤት ሊከፍት ላይ ታች ይል ስለነበር «እስከ ፋሲካ ድረስ ጠረጴዛውን አንቺ ያዢው፤ የፋሲካን ምሳ አይቼ ኃላፊውን እመርጣለሁ» አለኝ። ለምሳው ባቫርዋ እንድሠራ ነገረኝ፤ በግራናዲላ። ግራናዲላ እዚህ አገር ፓሽን ፍሩትን የሚጠሩበት ስም ነው። ፍሬው አንዱ ጎምዛዛ፣ አንዱ ጣፋጭ ስለሚሆን «ስኳሩን በሚዛን ሳይሆን በምላስ ነው የምትጨምሪው» ብሎ አስጠነቀቀኝ። እሺ አልኩ። እሺ ስል ምላሴ በማግስቱ ጾም እንደሚገባ አልነገርኩትም። አልጠየቀኝማ!

እዚህ ላይ ሰው እንዳይሳሳትብኝ። እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ሥራዬ ደግሞ ወተትና እንቁላል ነው። ይህን የንስሐ አባቴን ጠይቄአለሁ። «መሥራቱ እንጀራሽ ነው፣ ሥሪ። መቅመስ ግን መብላት ነው» አሉኝ። ቀምሼ ብተፋውስ አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ እኔም አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ በጾም ቀምሼ አላውቅም። ረዳት ሳለሁ ኃላፊው ስለሚቀምስ ነገሩ ችግር ሆኖ አያውቅም ነበር።

ችግር ነውም ብዬ አላሰብኩም። እናቴ የፋሲካን ዶሮ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ስትሠራ አንድ ጊዜ እንኳ አትቀምስም ነበር። ክዳኑን ከፈት ታደርግና እንፋሎቱን በአፍንጫዋ ስባ «ጨው ጎድሎታል» ትላለች። ጨው ይሸታል እንዴ? እሷን ጠይቁ። ሌሊት ስንፈስክ ግን ልክ ሆኖ ይገኛል። የሰፈሩ ሴት ሁሉ እንደዚያው ነበር የሚሠራው፤ ቀምሳ ያጣፈጠች ሴት ብትኖር እንኳ ወሬው ነው የሚገድላት። ሳይቀምሱ ማብሰል እኛ ዘንድ ሙያ ነው። እንግዲህ የዚያች ሴት ልጅ ሆኜ አንድ ቀዝቅዞ የሚበላ ክሬም ያቅተኛል?

ደግሞም ምላስ ተበድሬ ነበር። ሰላጣ ላይ የምትሠራ የዙሉ ሴት አለች፤ ከሶዌቶ ነው የምትመጣው። እኔም እሷም «ሲሲ» እየተባባልን ነው የምንጠራራው፣ እህቴ እንደማለት ነው። ስለ ጾሜ ስነግራት «ሃይቦ! ወተትም? እንቁላልም? እስከ ከሰዓት ውኃም?» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። ከዚያ ማንኪያ አነሳችና «በይ እኔ ልቅመስልሽ» አለች። በጠዋት ጠዋት ድስቱን ይዤላት እሄዳለሁ። ዓይኗን ትጨፍናለች። ታጣጥማለች። «ኮምጠጥ ይላል፣ ሲሲ፣ ስኳር ጨምሪ» ካለች እጨምራለሁ። «ኩምናንዲ!» ካለች ጣፍጧል ማለት ነው፤ ፎርማ ውስጥ እገለብጠዋለሁ። በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ስለ እኔ ድካም ግድ የሚላት እሷ ብቻ ነበረች። ማታ ታክሲ ተራ ድረስ ቦርሳዬን ይዛልኝ ትሸኘኛለች፤ በጾም ጉልበት እንደሌለኝ ታውቃለችና።

ይቺው ሴት ሻይ ስትጠጣ ስኳሩ ከኩባያው ግርጌ ሳይሟሟ ይቀራል። በማንኪያ ጠርጋ ትበላዋለች። ይህን በየቀኑ እያየሁ ምንም አላሰብኩም። እንዴት እንዳላሰብኩ ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

እናም ሁዳዴ ሄደ። ሼፉ አዲሱን ቤት ሊያሠራ ስለሚሮጥ ወደ እኛ የሚመጣው የሥጋውን ሥራ ሊያይ ብቻ ነበር፤ ጣፋጩን አይቀምስም። መብራት ይጠፋል፤ ሎድሸዲንግ ይሉታል፣ ተራ ደርሶሽ በጨለማ መቀመጥ ማለት ነው። ጄኔሬተሩ አንዳንዴ ይነሳል አንዳንዴ አይነሳም። ፍሪጁ ሲሞቅ ባቫርዋዬ ላቡ ይወርዳል፣ ይሟሽሻል፤ እኔ በረዶ ፍለጋ ከመንገድ ማዶ ወዳለው ነዳጅ ማደያ እመላለሳለሁ። ረሃቡ፣ ሙቀቱ፣ የክሬሙ ሽታ። አንድም ቀን ግን አልቀመስኩም። ቅዳሜ ማታ ለእነሱ፣ ለፈረንጆቹ ፋሲካ ፎርማዎቹን ሞልቼ፣ ሲሲ ቀምሳ ዓይኗን ጨፍና «ኩምናንዲ፣ ኩምናንዲ!» ብላ፣ ወደ ቤቴ ስሄድ ጠረጴዛው የእኔ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ።

በዚያ ዓመት የእነሱ ፋሲካ በእኛ ሆሳዕና ዋለ። ጠዋት እህቴ ነጠላዋን ለብሳ ለዘንባባው ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ፣ እኔ ሹራቤን ለብሼ ወደ ታክሲ ወጣሁ። በሩ ላይ «በሆሳዕና እንኳ?» አለችኝ። «በሆሳዕና እንኳ» አልኳት። ታላቄ ባትሆን የምመልስላት ሌላ ነበር።

ምግብ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ባቫርዋዎቹን አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። አንድም አልተናደም። ሁሉም ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ነካ ሳደርጋቸው ተንቀጠቀጡ። ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ጫፋቸው እንኳ ያልተሸረፈ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ሼፉ መጣ፣ ዞር ዞር ብሎ አየና ፈገግ አለ። ከዚያ ማንኪያ አወጣና ከአንዱ ቆርሶ ቀመሰ። ፈገግታው ጠፋ።

«ይህን ማን ቀመሰው?» አለ።

«ተቀምሷል፣ ሼፍ» አልኩ።

«ማን ነው ያልኩት።»

«እኔ» አለች ሲሲ ከሰላጣው ጠረጴዛ።

አያትና ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ፣ ማማ?»

«ጾም ላይ ነኝ።»

«ፋሲካ እኮ ዛሬ ነው» ብሎ ሳቀ።

«የእናንተ ነው ዛሬ። የእኛ የሚመጣው እሑድ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልቀመስሽው?»

«ጾሙ ከገባ ጀምሮ።»

ሳቁን አቆመ። «ማለት... ጠረጴዛውን ከሰጠሁሽ ቀን ጀምሮ?»

እኔም እንግዲህ አንዴ ቱግ ብያለሁ፣ መመለሻ የለኝም። «እስከ ዛሬ ሳህን የመለሰ እንግዳ አለ?» አልኩት።

«ስኳሩ በዝቷል። ፍሬው ጭራሽ አይሰማም። ቅመሺና አንቺው ፍረጂ።»

«ስኳሩ አልበዛም» አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ! አፌ ውስጥ ገብቶ ስለማያውቅ ነገር፣ በሰው ፊት፣ ሙያውን ከተማረ ሰው ጋር ጣዕም ተከራከርኩ። «ልክ ነው። ፍሬውም ይሰማል።»

ሲሲን ጠራት። ቀመሰች። በፍርሃት ዓይኗን እንኳ አልጨፈነችም። «ኩምናንዲ ነው፣ ሼፍ» አለች።

በረጅሙ ተነፈሰና ማንኪያውን ሞልቶ ወደ አፌ አመጣው። እኔ ባደግኩበት አገር ሰው ወደ ሰው አፍ እጁን የሚዘረጋው በፍቅር ነው። ሲዘረጋልሽ ማሳፈር ነውር ነው፤ ጠግበሽም ቢሆን ትቀበያለሽ። ይህ ሰውዬ ደግሞ ያንኑ እጅ ትእዛዝ አድርጎ ከንፈሬ ላይ አስጠጋው። ቫኒላው ሸተተኝ። ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ምራቄ ሞላ። እግዜር ይይልኝ፣ ያን ምራቅ ስውጥ የተሰማኝን ንዴት የምገልጽበት ቃል የለኝም። ሰውነቴ ከእሱ ጋር ወግኖብኝ ነበር።

እጁን ገፋሁት። ክሬሙ ጫማው ላይ ወደቀ።

«አልቀምስም» አልኩ።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ጫማውን በጨርቅ ጠረገና «ከእግዚአብሔርሽ ጋር ጠብ የለኝም፣ ማማ። ጠቤ ከስኳሩ ጋር ነው» አለ። ከዚያ ሰላጣ ላይ ያሉትን ሁሉ ጠርቶ ጥሬ ግራናዲላ አስቆረጠና ጎምዛዛውን ፍሬ ከነዘሩ ባቫርዋዎቼ ላይ አፈሰሰባቸው። ያን የመሰለ ቁመናቸው ላይ! ፊታቸው ላይ የተተፋባቸው መሰሉ። ሳህኖቹ ሄዱ። ሁሉም ተልሰው ባዶ ተመለሱ። ሳይነኩ ቢመለሱ እሱ ነው ያበላሸው እል ነበር፤ ይህንንም ነፈገኝ።

ሲመሽ ጠራኝ። «እንደ አንቺ ዓይነት እጅ ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም» አለ። «ግን የማይቀምስ ሰው ኃላፊ ላደርግ አልችልም። ይሄ ጾም በዓመት አንዴ ነው?»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። አዎ፣ በዓመት አንዴ ነው፣ ሊያልቅም ሳምንት ነው የቀረው ብል ማን ያየኛል? ንዴቴ ግን አልፈቀደልኝም። የገናን ጾም ነገርኩት። የሐዋርያትን ነገርኩት። የፍልሰታን ነገርኩት። ረቡዕና ዓርብን ረስቼ ነበር፣ ከበር ተመልሼ ነገርኩት። እያንዳንዱን ስጨምር ፊቱ እየከፋ ሲሄድ እኔ ጭራሽ ልቤ ያብጣል። በሳምንቱ ከምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት የወጣች አንዲት ሴት ቀጠረ። እሷ ትቀምሳለች፣ ትወስናለች፤ እኔ እሠራለሁ። ምላሱ ለሷ፣ ክንዱ ለኔ።

የዚያን ማታ ቤት ስገባ እህቴ ከዘንባባው ቀለበት ሠርታ አስቀምጣልኝ ነበር። ጣቴ ላይ እያሰረችልኝ የሆነውን ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «እሰይ! አልገደፍሽማ! ማንኪያውን አፍሽ ድረስ አምጥቶልሽ?» አለችና ስልኳን አነሳች።

በሕማማት ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። አንዲት እናት እጄን ይዘው ሳሙኝ። ሌላዋ ለልጃቸው «እንደ እሷ ሁኚ» ብለው አሳዩኝ። ሼፉ በእነሱ አፍ ሰይጣን ሆኖ ነበር፤ ማንኪያውም ጭልፋ አክሎ ነበር። ስለ ጠረጴዛዬ ግን የጠየቀኝ የለም። አንድም ሰው «ታዲያ ሥራውስ?» አላለኝም። ጀግና ካደረጉኝ በኋላ ደግሞ «ለዚያ ለጄሎ ብለሽ ነፍስሽን ባለመሸጥሽ ተመስገን» ይሉኛል። ስቅለት ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ሰገድኩ። ሰው በኀዘን ይሰግዳል፤ እኔ ግንባሬን መሬት ባስነካሁ ቁጥር በንዴት ነበር። ይቅር በለው እንድል የተጻፈውን ጸሎት ዘልዬዋለሁ። እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ እሱም ከተቀየመኝ ኋላ እንነጋገራለን።

በዚያ ንዴት ውስጥ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ያንኑ ባቫርዋ እቤቴ እሠራዋለሁ። በዚያ ቅዳሜ የገባው ስኳር ሁሉ ገብቶበት፣ ሳይጎድል ሳይጨመር። ፋሲካ ዕለት ሁሉም ፊት እቀምሰዋለሁ። ልክ ሆኖ ይገኛል፤ እንደ እናቴ ዶሮ። ከዚያ ሰኞ ሄጄ ለዚያ ሰውዬ የምለውን አውቃለሁ። ሲሲንም ጠራኋት፤ ምላሷ የሠራው ነውና ምስክር እንድትሆነኝ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ሠራሁት። ጀላቲኑ ከከብት አጥንት የተሠራ መሆኑን ለእህቴ ካርቶኑን አውጥቼ አሳየኋት፤ አሳማ ይሆናል ብላ ስትሰጋ ነበር። መብራት ሊጠፋ ሲል ፍሪጁን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ «ይህን በር የከፈተ ሰው እጁን አጣ» አልኩ። እህቴ ለዶሮዋ እንቁላል ፈልጋ ፍሪጁ ፊት ቆማ ስትለምነኝ እንኳ አልከፈትኩላትም። ከጎረቤት ተበደረች።

ፋሲካ ሆነ። ሌሊት ቅዳሴ ቆመን፣ ተፈስኮ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ጥቂት ተኝተን፣ ረፋዱ ላይ ቤታችን ሞላ። የሳሙኝ እናት ሳይቀሩ መጥተዋል። ሲሲ ከሶዌቶ በሁለት ታክሲ መጣች፤ ለፋሲካዬ ብላ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ባቫርዋውን ገለበጥኩት። ቆመ። ተንቀጠቀጠ። ሰዉ አጨበጨበልኝ። የመጀመሪያውን ማንኪያ ራሴ አነሳሁና፣ ሁሉም እያየኝ፣ አፌ ውስጥ ከተትኩት።

ጥርሴን አመመኝ።

ስኳር ነው። በቃ ስኳር ብቻ ነው። ከስኳሩ በታች ክሬሙን ፈለግኩት፤ በሩቁ አለ። ግራናዲላውን ፈለግኩት፣ የለም። ምላሴን አዙሬ ሁለተኛ ቀመስኩ። ያው ነው። ያ ሰውዬ ልክ ነበር። ትክክል ነበር! በማንኪያው፣ በ«ማማ»ው፣ ወደ አፌ በዘረጋው እጁ ስህተት ነበር፤ በስኳሩ ግን ልክ ነበር። የዚያን ጊዜ የተሰማኝ ንዴት ከዚያ በፊት ከተሰማኝ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ሰው ሲበድልሽና ጥፋተኛ ሲሆን ንዴትሽን ይዘሽ ትተኛለሽ። በድሎሽ ልክ ሲሆን ግን ንዴትሽን የት ታስቀምጪዋለሽ?

ያኔ ነው የገባኝ። እናቴ ዶሮውን በዓመት አንዴ፣ በገዛ እጇ ልክ ነው የምትሠራው፤ እኔ በየቀኑ በሰው ምላስ ነው የሠራሁት። ዛሬ ትንሽ ስኳር፣ ነገ ትንሽ ስኳር። የቀመሰችው ሴት የትናንቱን ለምዳዋለች፤ ስለዚህ የዛሬው ሁልጊዜ ኮምጠጥ ይላታል።

የሳሙኝ እናት ጎረሱና ፊታቸውን ጨፈገጉት። «ጄሎው እንኳ ደግ ነበር፣ ልጄ፣ ስኳር በዛበት» አሉ። ሌላዋ እናት ሳህናቸውን ቀስ አድርገው ወንበር ሥር አስቀመጡ። እህቴ ቀምሳ፣ ውኃ ጠጥታ፣ ጆሮዬ ሥር መጣች። «ለዚህ ብለሽ ባለመግደፍሽ ተመስገን ነው» አለችኝ። እህቴ ባትሆን ኖሮ የቀረውን ፊቷ ላይ ነበር የምደፋው።

ሲሲ ብቻ ትበላ ነበር። ጥግ ካለው ወንበር ላይ፣ አዲሱ ቀሚሷ እንዳይነካ ጉልበቷ ላይ ሶፍት ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልነግራት ነበር የሄድኩት። እውነቴን ነው፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ምላስሽ ነው ጠረጴዛዬን ያሳጣኝ፣ ሻይሽን ስትጠጪ እንዴት አላየሁሽም፣ ሄደሽ ሐኪም ይይሽ እንጂ እንዲህ ስኳር የሚወድ ሰው ደህና አይደለም። ሁሉንም ልላት ነበር።

ዓይኗን ገለጠች። «ሲሲ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ እኮ እስካሁን አልገባኝም። ይህን የሚያህል ጣፋጭ ነገር ሠርተሽለት ለምን ለሌላ ሰጠው? እኔ ሌሊት ሌሊት እያሰብኩ እናደዳለሁ።»

አየኋት። ለእኔ ብላ ሌሊት የተናደደች ሰው፣ ከእኔ ሌላ፣ በዚያች ከተማ ውስጥ እሷ ብቻ ነበረች። እህቴ እልል ያለችበትን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ያጨበጨበበትን ነገር እሷ ተናዳበታለች።

«ክፉ ስለሆነ ነው» አልኳት።

«ኤይሽ፣ ክፉ ነው» አለች፣ ራሷን እየነቀነቀች። «ግን ንገሪኝ፣ አሁን ቀመስሽው አይደል? እንደነገርኩሽ አይደለም?»

ሁዳዴን ሙሉ የጾመ ምላሴ በፋሲካው ቀን መጀመሪያ የሠራው ሥራ ውሸት ነው።

«ኩምናንዲ» አልኳት። ሰዉ የተዋቸውን ሳህኖች ሰብስቤ ስመለስ ባዶ ሳህኗን ዘረጋችልኝ። ሌላ ቆርጬ ሰጠኋት፤ አጠገቧ ተቀምጬም የራሴን ድርሻ እስከ መጨረሻው በላሁ።